ሦስት ዙር ጭቃ

«ግድግዳው ደርቋል በያት» ሲል ሰማችው። ልጇ ፋሪስ ነው፤ ከላስቲኩ ወዲያ ማዶ ከሚስቱ ከነሕላ ጋር በዐረብኛ ይንሾካሾካል። እናቱ ሉጥፊያ ሱብሒ ሰግዳ ተመልሳ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎታል። «ከጠየቀችሽ፣ የላዩን የጨረስኩት እሷ አርካዊት ሰፈር ለሥራ የሄደች ዕለት ነው በያት። ሁለት ሙሉ ቀን ፀሐይ መቶታል በያት።» ነሕላ ምንም አላለችም። ነሕላ ዝም የምትለው ወይ ሲከፋት ነው ወይ ስትስማማ፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሉጥፊያ ሦስት ዓመት ሞክራ አልሆነላትም። አሮጊት ዐይኗን ከጨፈነች ጆሮዋም አብሮ የሚተኛ ይመስላቸዋል፣ ሞኞች። ቢሆንም አልተነሣችም። ፋሪስ ረክሻውን አስነሥቶ እየተንደቀደቀ እስኪወጣ ፊቷን ወደ ላስቲኩ አዙራ ጠበቀች፤ ውሸቱን ሰምታዋለች፣ ሰምታ ምን እንደምታደርገው ግን ገና አላወቀችም። ዛሬ ከዐስር ሶላት በፊት የጣራው መኪና ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ፣ ከትልቁ መንገድ ገባ ብሎ ሦስተኛው ቅያስ ላይ ያለው ቤት ባሏ ከሞተ በኋላም የኢስማዒል ቤት ይባላል። ቤት ይባላል እንጂ ቤት የለም። ጣራውን በጦርነቱ መድፍ ወሰደው፤ ጣራ ያጣውን ግድግዳ ደግሞ ክረምቱ አጥቦ አጥቦ የአፈር ክምር አደረገው። ዓምና ተመልሰው ሲመጡ ያገኙት ያንን ክምር ነው። መጀመሪያ የመጡት ረጂዎች ላስቲክ ሰጡ። የካርቱም ፀሐይ ላስቲክን ስንት ወር እንደሚያቆየው የሚያውቅ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም መሰለኝ፤ ተበጣጠሰ፣ ከፊሉን ፍየል በላው፣ ከፊሉ ከቅያሱ ቦይ ገብቶ ቦዩን ደፈነው፤ እነሱ ዛሬም የሚያድሩት በተረፈው ቁራጭ ሥር ነው። ዝናቡ ሲመጣ ውሃው መሄጃ አጥቶ እዚያው ሰፈሩ ላይ ተኝቶ ሸተተ፣ ትንኝ ፈላበት። ነሕላ የገመድ አልጋው የአንገረቡ እግር ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ እሷ በገመዱ ላይ ተኝታ፣ አሥራ ሁለት ቀን በንዳድ ተንቀጠቀጠች። የያኔውን ፅንስ ያኔ አጣችው። አሁን ሌላ ይዛለች፤ ስምንተኛ ወሯ ነው።

ዘንድሮ የመጣው ድርጅት ደግሞ ሕግ ያለው ነው። ጣራ እሰጣለሁ፣ ግድግዳውን ግን ከወደቀው ቤታችሁ አፈር ራሳችሁ ሥሩት አለ። የተቃጠለ ጡብ አይሆንም፤ የተቆረጠ ዛፍም አይሆንም፤ ላስቲክም ከእንግዲህ የለም። ዐባይ ዳር ያሉት የጡብ እቶኖች የሚበሉት እንጨት ነው፣ እንጨቱም አልቋል። በዚህ ነገር ሉጥፊያ ከድርጅቱ ጋር አልተጣላችም። ፊደል ባትቆጥር ጉቶ መቁጠር ትችላለች፤ በእነሱ ቅያስ ብቻ አሥራ አንድ የኒም ዛፍ ነበር፣ ዛሬ አሥራ አንድ ጉቶ ነው። በጦርነቱ ሰዉ ድስቱን ጣደበት፣ የተረፈውን ባለ እቶኖቹ ወሰዱት፤ አሁን ሰው በቀትር ሲሄድ እንደ እንሽላሊት ግንብ ለግንብ ተለጥፎ ነው። ፋሪስ ግን ቀይ ጡብ ነበር የፈለገው። ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ድረስ ሄዶ የሺህ ጡብ ዋጋ ጠየቀና ከንፈሩን ነክሶ ተመለሰ። «ጭቃ የሐበሻ ቤት ነው» አለ በዚያው ንዴቱ። እናቱን ሐበሻ መሆኗን የነገራት መስሎት። «አባትህ የተወለደበት ቤት ከምን የተሠራ መሰለህ፣ ከብስኩት?» አለችው። ሳቅ እንኳ አላለም።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። የክምሩን አፈር ነፍታ፣ የአህያ ፋንድያና የማሽላ ገለባ ጨምራ፣ በስምንት ሺህ ጅኔ በተገዛ በርሜል ውሃ አርሳ ሳምንት አስቦካችው፤ ሰፈሩ ከሽታው የተነሣ አኮረፋት። ሱዳኖቹ ይህን አሠራር ጃሉስ ይሉታል። ቤቱን እየዞሩ አንድ ክንድ የሚያህል ጭቃ ይደርባሉ፣ ከዚያ ይተዉታል። ሦስት አራት ቀን ይደርቅና ሁለተኛው ዙር ይቀጥላል። መቸኮል የሚባል ነገር የለም። ድርጅቱ ግን በዱላ ነው የሚለካው፤ ዱላው ላይ ቀይ መስመር አለ፣ መስመሩ ጋ የሚያደርሰው አምስት ዙር ነው። መኪናው ወደ አንድ ቅያስ የሚገባው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ነዳጅ የለምና። ዛሬ ግድግዳው መስመሩ ጋ ያልደረሰ ሰው ጣራው ለሌላ ቅያስ ይሄዳል፤ እሱ ከክረምት በኋላ ይጠብቃል። ሉጥፊያ ሦስቱን ዙር በእጇ ሠርታ ሦስተኛው ሲጠነክርላት አርካዊት ተጠራች። ሃያ ዓመት በቤቷ የሠራችላት እመቤት ሙኒያ ከካይሮ ተመልሳ፣ የተዘረፈ ቤቷን የሚጠርግላት ሰው ስትፈልግ ከሉጥፊያ በቀር የምታውቀው ስም የለም። ሁለት ቀን ብርጭቆና የሰው ፋንድያ ስትጠርግ ሰነበተች። ትላንት በመግሪብ ስትመለስ ግድግዳው አምስት ዙር ሆኖ ቆሟል። ማሻአላህ ብላ ተኛች፤ ሌላ ምን ትበል።

ፋሪስ ከሄደ በኋላ ተነሥታ ዞረችው። ከሩቅ ሲያዩት የደረቀ ይመስላል። ግን ከአራተኛው ዙር ጀምሮ ግራጫው በዛባት። ጭቃ እንዲህ አንድ ወጥ ሆኖ አይነጣም፤ ጠርዙ ይቀድማል፣ ሆዱ ይዘገያል፣ ገለባው የወጣበት ሌላ መልክ ይይዛል። በመዳፏ ጠረግ አደረገችው። አመድ ነው። ልጇ እርጥቡን ግድግዳ አመድ ነስንሶበታል፣ ለሠርግ እንደምትኳል ሴት። ሳቋ መጣ፣ ወዲያው ሄደ። ሰሌን የምትጠግንበትን ረጅም ወስፌ አምጥታ ሦስተኛውን ዙር ወጋችው፤ እምቢ አላት፣ እያሽከረከረች ስትገፋው ደረቅ ዱቄት እየተፋ ገባ። አራተኛውን ወጋችው፤ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። አወጣችና ጫፉን ከንፈሯ ላይ አሳረፈችው። ይቀዘቅዛል። አምስተኛውን መውጋት አላስፈለጋትም፣ ግን ወጋችው።

ነሕላ ጀርባዋን ይዛ ወጣች፤ ከላስቲኩ ሥር ለመውጣት በአራት እግሯ መዳህ አለባት፣ ከዚያ ቀና ለማለት ምሰሶውን መያዝ። እሷም እንደ ፋሪስ እናቷ ሐበሻ አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛዋ እንደተሰበረ ሰሃን ነው፣ ቁርጥራጩ ግን አለ።

«የላዩን መቼ ነው የሠራው?» አለቻት ሉጥፊያ።

ነሕላ ግድግዳውን እያየች፣ «አንቺ የሄድሽ ቀን» አለች። ከዚያ ባሏ እናቱን በሚጠራበት ቃል፣ «ዩማ፣ እኔ ጣራ ነው የምፈልገው። ግድግዳ ቆይቶ ይደርቃል።»

ሉጥፊያ መልስ ነበራት። ጣራው አሥራ ሁለት ወፋፍራም ቀርከሃ ነው፣ በላዩ ሰሌን፣ በሰሌኑ ላይ ደግሞ አንድ ስንዝር አፈር ይመረጋል፤ ዝናብ ሲጠጣ ሁለት እጥፍ ይከብዳል፤ ያ ሁሉ በዚህ ቅቤ ላይ ሊቀመጥ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ አንቺ ልትተኚ ነው ልትላት ነበር። የነሕላን እግር አየች፤ እንደ ጀሪካን አብጧል። ዋጠችው። ወስፌውን ሻሿ ላይ ሰክታ ወደ ደጅ ወጣች።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻለችም። ቦኖው ጋ ሄደች፣ ሰልፉን አይታ ሳትቀዳ ተመለሰች። ግድግዳውን ወጋች። ሱቅ ሄደች፣ የዳቦውን ዋጋ ጠየቀች፣ ሰደበችው፣ ሳትገዛ ተመለሰች። ግድግዳውን ወጋች። ሦስተኛ ጊዜ ስትወጣ ጀሚላ ጋ ገባች። ጀሚላ የወረባቦ ሰው ናት፣ ባሏ ፖርት ሱዳን ነው፤ በዚያው ቅያስ አራት ቤት ወረድ ብላ እሷም እንደ ሉጥፊያ ከወደቀ ቤት አዲስ ቤት አቁማለች። ግድግዳዋ ሥር ጥላ ይዛ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ከዚያ ተነሽ» አለቻት ሉጥፊያ።

«ደግሞ ምን አደረግሁሽ?»

ሉጥፊያ ወስፌዋን ከሻሿ መዝዛ የጀሚላን ግድግዳ ወጋች። አራተኛው ዙር ደህና ነው። አምስተኛው እንደ እነሱ ቤቱ እርጥብ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ እንደ ክትባት ወጊ በየሰው ቤት አትዙሪ» አለች ጀሚላ። ቢላዋውን አስቀመጠች። «አውቄዋለሁ። ትላንት ጠዋት ነው የሠራነው። ታዲያ ምን ላድርግ፣ መኪናው ሁለቴ ይመጣል? ደግሞ ለድርጅቱ ልጅ ለዛኪር ምላስሽን እንዳታሾይ። እሱ በዱላው ይለካል፣ ይሄዳል። ከዚያ ፀሐዩ አለ።»

«ዝናቡስ?»

ጀሚላ ሰማዩን አየች። ሰማዩ ላይ ምንም የለም፣ በደቡብ በኩል ግን የሻይ ቀለም ያለው አቧራ ተኝቷል። ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች፤ ሉጥፊያም ደህና ዋይ ሳትል ወጣች።

ቀትር ላይ ከደጃቸው የቲማቲም ካርቶን ጎን ቀደደችና ግድግዳውን ታራግበው ጀመር። ማንም እንዳያያት ከጓሮ በኩል ሆና። ጭቃ በካርቶን እንደማይደርቅ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ስድሳ ዓመቷ አልፏል፣ ሞኝም አይደለችም፤ ግን እጇ እምቢ አላት። ወገቧ እስኪቃጠል አራገበች። ቀና ስትል ነሕላ ማዕዘኑ ጋ ቆማ ታያታለች። ውሸቱ መታወቁን ነሕላም አሁን አወቀች። ሉጥፊያ አፈረች፣ ከዚያ ተናደደች፣ ልትሰድባት አፏን ስትከፍት ነሕላ ሄዳ ሌላውን የካርቶን ጎን ቀዳ መጣች። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ማራገብ ጀመረች። ሳይነጋገሩ፣ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እንደታመመ ሰው ያራግቡት ጀመር። አመዱ ተነሥቶ ዐይናቸው ውስጥ ገባ። ከሥሩ የወጣው ጭቃ እንደ ጉበት ጠቁሮ ያበራል። የዙሁር አዛን አልፎ ቀትሩ ትንሽ እስኪበርድ ድረስ አራገቡት፣ ሉጥፊያም ከዚያ በኋላ ግድግዳዋን አልወጋችውም።

መኪናው ከተባለው ሰዓት ቀድሞ መጣ። ፋሪስ ረክሻውን ከኋላው አስከትሎ፣ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ለልጆቹ እጁን እያወዛወዘ ገባ፤ ኩራቱ ከሩቅ ያስታውቃል። ዛኪር ከጋቢናው ወረደ። ቀጭን ልጅ ነው፣ የባሕሪ ልጅ፤ እናቱ የወሎ ናትና ሰው ያከብራል፣ አንቱታውን ከእሷ ነው ያመጣው። ዱላውን ከግድግዳው አጠገብ አቆመ። ቀዩ መስመር ከአምስተኛው ዙር ጫፍ ጋር ገጠመ። «ማሻአላህ፣ ኻላ ሉጥፊያ፣ እጅዎ ይባረክ» አለና ስልኩ ላይ ጻፈ። ሠራተኞቹ የመጀመሪያውን ቀርከሃ ከመኪናው ሳቡ።

«መልሱት» አለች ሉጥፊያ።

ዛኪር ያልሰማ መስሎት ተጠጋት። «ምን አሉ?»

«ቀርከሃውን መልሱት አልኩ። ግድግዳው እርጥብ ነው።»

ፋሪስ ከረክሻው ወርዶ እየሳቀ መጣ። ሳቁ ጥርሱ ላይ ብቻ ነው። «አሮጊት ናት፣ አትስማት። ትላንት ከሥራ ስትመጣ ደክሟታል» አለው በዐረብኛ፣ እናቱ ዐረብኛ የማትሰማ ይመስል፤ አርባ ዓመት በዐረብኛ ተሰድባለች። ዛኪር እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ መዳፉን አየው፣ አመዱን በሱሪው ጠረገ። «ላዩ ደርቋል» አለ፣ ግን ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም። ሠራተኞቹ ቀርከሃውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ አንዱ ሌላውን ያያል። ሉጥፊያ ማንንም አልለመነችም። ልመና አትችልበትም። ከክምሩ ላይ ዶማውን አነሣች፣ የተገለበጠውን በርሜል ረግጣ ወጣችና አምስተኛውን ዙር ከማዕዘኑ ጀምራ መታችው።

ግድግዳ ሲፈርስ አቧራ ይነሣል። ይኸ ግን አቧራ አልነበረውም። እንደ ሊጥ በጓል በጓል እየሆነ ከአራተኛው ጋር አብሮ ወረደ፣ መሬቱ ላይ ጧ እያለ ወድቆ በወደቀበት ጠፍጥፎ ቀረ። አንዱ ጓል ተንከባሎ የዛኪር ጫማ ላይ አረፈ። ዛኪር ዝቅ ብሎ ጨበጠው፤ በጣቶቹ መካከል ወጣ።

«አብደሻል» አለ ፋሪስ። በአማርኛ ነው ያለው፤ ሲናደድ ብቻ ነው አማርኛው የሚጠራለት። «አንቺ ነሽ ያልሽው። ባቲ ላይ ሰዉ በደቦ ይሰበሰብና በአንድ ቀን ቤት መርጎ ጨርሶ ማታውኑ ይገቡበታል ብለሽ ስትነግሪኝ አይደለም ያደግሁት? አራት ጓደኛ ሰበሰብኩ፣ ሥራ ፈትቼ ሠራሁ። በአንድ ቀን። እንዳልሽው።»

ሉጥፊያ ዶማው እጇ ላይ ቆመ። ብላለች። አንዴም አይደለም፣ ሺህ ጊዜ ብላለች፤ ልጁ በአባቱ አገር ሲኮራ ባየች ቁጥር እሷም አገር እንዳላት ልታሳየው ብላለች። በሠላሳ ዓመት ተረቷ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሳትነግረው ቀርታለች፤ የሚታወቅ ነገር መስሏት።

«ልጄ» አለችው፣ ከበርሜሉ ላይ ሆና። «እዚያ እንጨቱ አስቀድሞ ይቆማል። ጣራውን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። ጭቃው ልብስ ነው፣ ልብስ እርጥብ ቢሆን ምን ይሆናል። እዚህ ግን እንጨት የለም፤ ጭቃው ራሱ አጥንቱ ነው። ይኸንን አልነገርኩህም። እኔ ነኝ ያልነገርኩህ።»

ፋሪስ ረክሻው ጋ ሄዶ ሳያስነሣው ተቀመጠ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው።

ዛኪር የፈረሰውን ፎቶ አነሣና ለአለቃው ለረሺዳ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ነበርና ቅያሱ ሁሉ ሰማ፤ ሴትዮዋ በዚህ ቅያስ የተሠራ ሌላ ግድግዳ አለ ወይ ብላ ጠየቀች፣ አለ አላት፣ ታዲያ ማንም ላይ ጣራ እንዳትጭን፣ መኪናውን ይዘህ ውጣ አለችው። ይኸን ጊዜ ጀሚላ ደረሰች። ሽንኩርት የላጠችበት እጇ ዐይኗን አስነብቶታል፣ ወይም ሌላ ነው። «አንጀትሽ ቅቤ ጠጣ?» አለቻት ሉጥፊያን። «የራስሽን አፈረስሽ፣ ደግ። የእኔን ምን አደረገሽ? ያንቺ ምራት ክረምቱን ደጅ ስትወልድ፣ የእኔ ልጆች አብረው እንዲበሰብሱ ነው?» ነሕላ ማዕዘኑ ጋ ቆማለች፣ ካርቶኑ እስካሁን እጇ ላይ ነው። ከጀሚላ ስድብ ይልቅ የእሷ ዝምታ ነው ሉጥፊያን የወጋት። ሠራተኞቹ ቀርከሃውን ወደ መኪናው መመለስ ጀምረዋል።

ሉጥፊያ ከበርሜሉ ወረደችና የቀረውን ግድግዳ አየችው። ሦስት ዙር። ትከሻዋ ጋ ይደርሳል። እጇን ጫፉ ላይ አሳረፈች፤ ጠንካራ ነው፣ እሷ የሠራችው ነው። «ስጠኝ እስቲ» ብላ ስልኩን ከዛኪር እጅ ወሰደችው፤ ከየት በኩል እንደሚነገርበት እንኳ አታውቅ፣ እንደ ዳቦ አፏ ጋ ያዘችው።

«ሙዲራ፣ እኔ ግድግዳውን ያፈረስኩት ነኝ» አለች በዐረብኛ። «ጣራውን እዚሁ ላይ ይጫኑልኝ። ሦስቱ ዙር ላይ።»

ረሺዳ ይኸ ከመመሪያው በታች ነው፣ ሰው ቤቱ ውስጥ መቆም መቻል አለበት፣ ክብር ነው አለች። ለስላሳ ድምፅ አላት፤ ለክፋት አይደለም።

«ዓመት ሙሉ ላስቲኩ ሥር ቀና ብለን የምንሄድ መስሎሻል?» አለች ሉጥፊያ። «ይኸ ቀርከሃ በገመድ የሚታሰር ነው፣ በሚስማር አይደለም። ክረምቱ ይለፍ፤ አውርደነው ሁለቱን ዙር እንጨምርና እንመልሰዋለን። አፈሩ የትም አይሄድ፣ ይኸው እግሬ ሥር ነው። ዘንድሮ ግን የደረቀው ይኸ ነው። ለሌላውም እንደዚሁ፣ የደረቀው ጋ ድረስ ይጫንለት። የት ድረስ እንደደረቀ እኔ አሳየዋለሁ፣ ልጁ ይጻፍ። እሱ መጻፍ ያውቃል፣ እኔ ጭቃ አውቃለሁ።»

ከስልኩ «ለዛኪር ስጭው» የሚል ድምፅ መጣ። ዛኪር ዞር ብሎ አዳመጠ፣ ሁለቴ እሺ አለ፣ አንዴ ኢንሻአላህ አለ። ከዚያ የኖራ ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ ሉጥፊያን ተከተላት። ጀሚላ ቤት ወስፌው አራተኛው ዙር ላይ እምቢ አለ፣ አምስተኛው ላይ ሰመጠ፤ ዛኪር በመካከላቸው ነጭ መስመር ጫረ። ጀሚላ ኩርፊያዋን ሳትጨርስ መስመሩን አየች፣ ከሉጥፊያ ቤት በአንድ ዙር እንደሚበልጥም ተረዳች። «የእኔ ፎቅ ነው በይኛ» አለች።

«ፎቅሽ ላይ ወጥተሽ እንዳትወድቂ» አለቻት ሉጥፊያ።

ስትመለስ ሠራተኞቹ ቀርከሃውን ከሦስቱ ዙር በላይ ደርድረው ጫፉን ያስራሉ። በዚያኛው ጫፍ ገመድ የሚስበው ፋሪስ ነው። መቼ እንደመጣ አላየችም። አላናገረችውም፤ ይኸኛውን ጫፍ ያዘች፣ እሱ ሲስብ እሷ ትለቃለች፣ እሷ ስትስብ እሱ ይለቃል። ሰሌኑ ተነጠፈ። ላዩ የሚመረገው ለነገ ተባለ። መኪናው ወደሚቀጥለው ቤት ወረደ፣ አቧራውም ተከትሎት። ፀሐይዋ ገና ከግንቦቹ በላይ ነበረች። በሩ ለሉጥፊያ ትከሻዋ ጋ ይደርሳል፣ ለፋሪስ ደረቱ ጋ። ፋሪስ ከፊቱ ቆሞ ወገቡን ይዞ አየው፣ ገዝቶ እንደጸጸተው ዕቃ።

«ዩማ፣ እንግዳ ሲመጣስ? ተጎንብሶ ሊገባ ነው?»

«መጎንበስ የከበደው እንግዳ ደጅ ይቀመጥ።»

«የነሕላ አባት ቢመጣስ?»

«እሱማ ድሮም አጭር ነው።»

ፋሪስ እንዳይስቅ ፊቱን አዞረ። ነሕላ ግን አንዳቸውንም አልጠበቀችም፤ አንገረቡን በጎኑ አጋድማ እየጎተተች፣ ማገዝ ሲመጡም በክርኗ እየገፋች በበሩ አስገባችው፣ ከኋላው በእጇ መሬቱን ተደግፋ ገባች። ሉጥፊያ እግሯ አላስቆም አላት፤ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ማዕዘኑ ትላለች። ከዚያ ነሕላ ከውስጥ ተናገረች።

«ዩማ፣ እዚህ ውስጥ መቆም አይቻልም።»

«ማን ቁሚ አለሽ» አለች ሉጥፊያ። «ተኚ።»

የአንገረቡ ገመድ ከክብደቷ በታች ሲንቋቋ ተሰማ፣ ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። ፋሪስ እናቱን አየ። ጫማውን ከደጅ አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ።